የሰባት ቁጥር አልጋ ውሃ

እትዬ ሊትር ይሏታል። ስሙን ማን እንዳወጣላት በእርግጥ አይታወቅም፤ እሷ ግን ጠብታ ነው ብላ ትጠረጥራለች። ጠብታ የላቦራቶሪው ሰውዬ ነው፤ ቀኑን ሙሉ በቀጭን መስታወት ጠብ ጠብ ሲያደርግ ስለሚውል እሱም በተራው ከስም አላመለጠም። መጀመሪያ ላይ ተቀይማ ነበር። ሰው ስንት የሚጠራበት ነገር እያለ በሽንት መስፈሪያ ይጠራል? እያደር ግን ለመደችው። አሁን አሁን አዲስ የመጣ ሐኪም እናት አባቷ ባወጡላት ስም ሲጠራት፣ ማንን ይሆን ብላ ወደ ኋላዋ ትዞራለች።

ሥራዋን ሳላድበሰብስ ልንገራችሁ፤ አፍንጫውን መያዝ የሚፈልግም ከወዲሁ ይያዝ። በሕሙማን ክፍሉ አሥራ ሁለት አልጋ አለ። ሐኪሙ የመረጣቸው ሕሙማን ሽንት ከጠዋት እስከ ጠዋት አንድ ጠብታ ሳይባክን፣ የአልጋ ቁጥር በተለጠፈበት ትልቅ ጠርሙስ ይጠራቀማል። የምታጠራቅመው እሷ ናት። በነጋ ቁጥር ከኮሪደሩ ጫፍ ባለችው አንድ መስኮትና አንድ የድንጋይ ገንዳ ባላት ጠባብ ክፍል ጠርሙሶቹን ትደረድራለች። ግራኝ ናትና መስመር የተሰመረበትን ረጅም የመስታወት መስፈሪያ በግራ እጇ አንስታ ወደ መስኮቱ ታስጠጋለች፤ ጎንበስ ብላ ዓይኗን ከመስመሩ ጋር ታስተካክላለች፤ ትለካለች፤ ትጽፋለች። ቀጥሎ ቀለም የምትቀይረውን ወረቀት ነከር ታደርጋለች። ወረቀቷ ከቀላች ሽንቱ አሲድ ነው፤ ወደ ሰማያዊ ከዞረች ደግሞ በሽተኛው የታዘዘለትን የሶዳ ውሃ በደንብ ጠጥቷል ማለት ነው። በመጨረሻ ከየጠርሙሱ ትንሽ ትንሽ ቀድታ ለጠብታ ትወስድለታለች። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ጠርሙስ አቀያይራ አታውቅም። በዚህ ትኮራ ነበር፤ ኩራቷን የምትነግረው ሰው ግን አልነበራትም። ሰው «ምን ትሠሪያለሽ?» ሲል ነው እንጂ መልሱን ሲሰማ መቆየት አይፈልግም።

ይህ ሁሉ ለምን? ያኔ ሰልፋ የሚሉት ነጭ ኪኒን ገና አዲስ ነበር። ከእሱ በፊት የሳንባ ምች ይዞት የገባ ሰው ወይ በሰባተኛው ቀን ያልበውና ይነሳል፣ ወይ አንሶላው እስከ ፊቱ ይሳብበታል፤ የሐኪሙ ሥራ ከዘመድ ጋር ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነበር። ሰልፋ መጣና ይህን ገለበጠው። ገለበጠው እንጂ ጣጣ የለውም አልተባለም። ስንት ሲዋጥ ስንቱ ደም ውስጥ ይገኛል፣ ስንቱስ በስንት ሰዓት ተመልሶ ይወጣል የሚለውን ገና ማንም አጣርቶ አያውቅም። ሐኪሙ ይህን ለማወቅ ነበር ደፋ ቀና የሚለው፤ ለዚያም ከሐኪም ማዳመጫው ይልቅ የእትዬ ሊትር መስፈሪያ ይጠቅመው ነበር።

ሐኪሙ ነገሩን አንድ ቀን በጠመኔ ግድግዳዋ ላይ ስሎ አስረድቷት ነበር። እሷ ደግሞ በራሷ አማርኛ አድርጋ ለየበሽተኛው ትናገረዋለች።

«ኪኒኑን ዋጥከው አይደል? ሆድህ ውስጥ ይሟሟል፤ አንጀትህ ይቀበለዋል፤ ደም ይዞት ይዞራል። የማይገባበት ቤት የለውም። ሳንባ ይገባል፣ አንጎል የተኛበት ውሃ ውስጥ ይገባል፣ የምታጠባ ሴት ከሆነች ወተቷ ውስጥ ሳይቀር ይገባል። ታዲያ እንግዳ ነውና አይከርምም፤ ገና ሳትጠግበው መውጣት ይጀምራል። በየአራት ሰዓቱ ሌላ የምንጨምርልህ ለዚህ ነው። የሚወጣው ደግሞ በኩላሊት በር ነው። ከመውጣቱ በፊት ጉበት ይነካካዋል፤ ጉበት የነካካው ኪኒን ብዙ ውሃ ካላገኘ ሟሙቶ አይቀርም፣ አሸዋ ይሆናል። አሸዋው በሩ ላይ ተከመረ ማለት ደግሞ በሩ ተዘጋ ማለት ነው። ስለዚህ ወንድሜ፣ ዝም ብለህ ጠጣ!»

ሐኪሙ ይህን አንድ ጊዜ በር ላይ ቆሞ ሰምቷት፣ ተማሪ ቢኖረኝ ወዳንቺ እልከው ነበር ብሏታል።

የሚጠጣው፣ አሸዋው እንዲሟሟ የሶዳ ዱቄት የተበጠበጠበት ውሃ ነው፤ በቀን ሦስት ሊትር። የሚሸናው ደግሞ ከሊትር ተኩል መውረድ የለበትም። ሶዳው ጣዕሙ ሳሙና ሳሙና ስለሚል በሽተኛ ሁሉ ያማርራል። እሷ ግን ብርጭቆውን አቀብላ፣ ወገቧን ይዛ፣ የመጨረሻው ጉንጭ በጉሮሮ ሲወርድ ሳታይ ንቅንቅ አትልም። ማንም ያዘዛት አልነበረም፤ ሕጉን ያወጣችው ራሷ ናት። ባዶ ብርጭቆ ምስክር አይሆንም ትላለች።

ይህን ሕግ የጣሰችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ የጣሰችውም ለወንድሟ ነው።

ወንድሟ ልብስ ሰፊ ነው፤ ጋሼ ትለዋለች። እናታቸው ስትሞት እሷ የአራት ዓመት ልጅ፣ እሱ አሥራ ዘጠኝ ነበር። አባት ቀድሞ ሄዷል። ሳያገባ፣ ሳይጫወት፣ በአንዲት አሮጌ የስፌት መኪና ፔዳል ላይ እግሩን እየረገጠ አሳደጋት። ፀጉሯን ይጎነጉን ነበር፤ እንዴት እንደ ጎነጎነው ባይጠየቅ ይሻላል። እሷ እስከ ሰባት ዓመቷ አልጋዋን ታርስ ነበር። ሰፈር ሳይነቃ ተነስቶ አንሶላውን አጥቦ፣ የጎረቤት ልጆች አይተው እንዳይስቁባት ከቤቱ ጀርባ በግድግዳውና በእንጨት ክምሩ መካከል ያሰጣዋል። አንድ ወቅት ላይ ሕፃኗ እፍረቱ ሲከብዳት ውሃ መጠጣት አቆመች። ለማንም አልተናገረችም፤ ብቻ ሲሰጧት አፏን ነክራ መልሳ ታስቀምጠዋለች። ከንፈሯ ሲሰነጣጠቅ ጊዜ ገባው። ኩባያውን ይዞ ፊት ለፊቷ ቁጢጥ አለና እንዲህ አላት፦

«ጠጪ። አንሶላው የእኔ ጉዳይ ነው።»

ሌላ ምንም አልጨመረም። እሷ ግን ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ ያለ ነገር ሰው ሲናገር ሰምታ አታውቅም።

እና ሆስፒታል ሥራ ያገኘች ጊዜ በደስታ እየበረረች ወደ ሱቁ ሄዳ ሽርጥ እንዲሰፋላት ጠየቀችው። ምን እንደምትሠራ ነገረችው። መቀሱን አስቀመጠ።

«ለዚህ ሥራ መርፌ አላነሳም» አላት።

ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ዓይኑን ያጠፋው፣ ወገቡን ያጎበጠው፣ እሷ ጠረጴዛ ይዛ ወንበር ላይ ስትቀመጥ ለማየት ነበር። ሽንት ስትሸከም ማየት አልቻለም፤ በቃ። ለደንበኞቹ «እህቴ መድኃኒት ክፍል ናት» ይላል። እሷም ሱቁ ውስጥ ተገኝታ ይህን ሲል ስትሰማ ቁልፎቹን እየለየች ዝም ትላለች። ሽርጡን በእጇ ሰፋችው፤ አንዱ ማንገቻ ከአንዱ በአራት ጣት ይረዝማል፤ ኪሱም ተንሻፎ እርሳሷ ሁልጊዜ ይወድቃል። አሥራ አንድ ዓመት እሱኑ እየጠገነች ለበሰችው፣ አሥራ አንድ ዓመትም ሁለቱ ስለ ሥራዋ አንዲት ቃል ሳይነጋገሩ ኖሩ። በየሳምንቱ ትጠይቀዋለች፤ ስለ ጨርቅ ያወራሉ፣ ስለ ዝናብ ያወራሉ።

ታዲያ አንድ ማለዳ ጎረቤቶቹ ተሸክመው ሲያመጡት፣ ትኩሳቱ እንደ ምድጃ ሆኖ፣ ጎኑን ይዞ፣ አክታው የዛገ ብረት መስሎ፣ ሐኪሙ ወዲያው ሰልፋ አዘዘለትና «ሰባት ቁጥር አስተኙት፤ እንመዘግበዋለን» አለ። እትዬ ሊትር ወንድሜ ነው፣ ሌላ ሰው ይያዘው ለማለት አፏን ከፈተች። ሌላ ሰው የለም። ዘጋችው።

ፖፖውን በጨርቅ ሸፍና ይዛ ስትመጣ ያያት ጊዜ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

እዚህ ላይ ነው ሕጓን የጣሰችው። ጆጉንና ብርጭቆውን ከራስጌው አስቀመጠች። «ጋሼ፣ ይህን ሁሉ መጠጣት አለብዎት። በየሁለት ሰዓቱ» አለች። ከዚያ መቆም ነበረባት። ግን ያሳደጋትን ሰው፣ በአባት ቦታ የቆመላትን ሰው፣ እንደ ሌባ ከላዩ ቆማ ዋጠ አልዋጠ ብላ ጉሮሮውን ልትጠብቅ? ይሉኝታ ያዛት። ወጣች። ስትመለስ ብርጭቆው ባዶ ነው። «ጠጡት?» አለች። «እህ» አለ። ጻፈች። ሁለት ቀን ሙሉ እንዲሁ ነበር፤ እሷ ታስቀምጣለች፣ ትወጣለች፣ ትመለሳለች፣ ትጽፋለች።

ስድስት ቁጥር አልጋ ላይ አንድ ጋሪ ነጂ ተኝቷል። ፈረሱ እግሩን ረግጦ ሰብሮታል፤ ከዚህ በቀር ጤነኛ ነው፤ ለጠቅላላው ክፍል የሚበቃ ሳቅ አለው። ሰልፋ አይወስድም። ሐኪሙ ግን መድኃኒት ያልቀመሰ ሰው ሽንት ለማነጻጸሪያ ስለሚፈልግ የእሱም ይሰፈራል። «እንግዲህ የእኔም ነገር ተፈላጊ ሆነ» እያለ ለመጣ ሰው ሁሉ ያወራል።

በሁለተኛው ቀን የወንድሟ ትኩሳት በረደ። አክታው ጠራ። እትዬ ሊትር በኮሪደሩ ስትሄድ እያንጎራጎረች እንደነበር የነገራት ጠብታ ነው።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ጠርሙሶቹን ደረደረች። ስድስት ቁጥር፤ አራት ሊትር ከሁለት መቶ። ደገመችው፤ ያው ነው። ውሃ የመሰለ፣ ጠርሙሱ ሳይበቃው ሁለተኛ ጠርሙስ የሞላ። ትናንትም በዝቶ ነበርና ሰውዬው ስኳር ይኖረው ይሆን ብላ አስባ ነበር። ሰባት ቁጥር፤ ሦስት መቶ ሰባ ሲሲ። ደፍርሷል፣ ጠቁሯል፣ ዳር ዳሩ የቀላ ነገር አለበት። ትናንት ሰባት መቶ ነበር፤ ያኔ በትኩሳት አልቦት ነው ብላ ራሷን አባብላለች። ዛሬ ትኩሳት የለም።

ወረቀቷን ስድስት ቁጥር ውስጥ ነከረች፤ ሰማያዊ ሆነች። ሰባት ቁጥር ውስጥ ነከረች፤ ቀላች።

ቆማ ቀረች። ሶዳ የታዘዘው ለሰባት ቁጥር ነው፤ ስድስት ቁጥር አንድም ቀን ሶዳ አልታዘዘለትም። ወዲያው የመጣላት ሐሳብ አንድ ነው፤ ጠርሙሶቹን አቀያይሬያቸዋለሁ። ወንድሜ ነው እያልኩ ልቤ ሌላ ቦታ ውሎ ቁጥሩን አሳስቻለሁ። ከሁለቱም ቀድታ ወደ ጠብታ ሄደች።

«ጉድ ሠርቻለሁ» አለችው። «ስድስትንና ሰባትን አምታትቻለሁ።»

«አንቺ?» አለና ሳቀ።

«አትሳቅ።»

ሳቁን ዋጥ አድርጎ ሁለት የመስታወት ቱቦ አነሳ። ሰልፋ ያለበት ሽንት የእሱ ጠብታዎች ሲያርፉበት ይቀላል፤ መድኃኒቱ በበዛ ቁጥር ቀለሙ ይበረታል። ስድስት ቁጥር ላይ ጠብ ጠብ አደረገ፤ ምንም። ሰባት ቁጥር ላይ ጠብ አደረገ፤ ገና ሁለተኛዋ ጠብታ ሳታርፍ የበሰለ ቀይ ሥር መሰለ። ጠብታ እንደዚያ የጠቆረ ቀይ አይቶ አያውቅም።

«አላምታታሽም» አላት። «መድኃኒቱን የዋጠው ሰው ሽንት ይኸው። ጠርሙሶችሽ ልክ ናቸው።»

ተንፈስ አለች፤ ትንፋሹን ሳትጨርስ ግን ተመልሳ ያዘችው። ጠርሙሶቹ ካልተቀያየሩ፣ የተቀያየረው ሌላ ነገር ነው። የሚሸናው ሽንት ልክ ከሆነ፣ የሚጠጣው ውሃ ነው አልጋ የሳተው። ጠብታ ገና ሁለተኛ ቃል ሳይናገር ኮሪደሩ ላይ ነበረች።

ስትገባ ወንድሟ በጎኑ ተጣጥፎ፣ እጁን ወገቡ ላይ ጭኖ ነበር። አሞኛል አላለም፤ ድሮም አይልም። ራስጌው ያለው ብርጭቆ ባዶ ነው። የጋሪ ነጂው ጢም ግን ረጥቧል።

«አንተ ነህ የምትጠጣው?» አለችው ጋሪ ነጂውን።

ሰውዬው አንሶላውን እስከ አገጩ ሳበ። «እትዬ፣ እኔ ጽድቅ የሠራሁ መስሎኝ ነው! እኚህ ትልቅ ሰው፣ ‹ወንድሜ፣ ይህችን ጠጣልኝ፣ አልወርድ አለኝ› ብለው ለመኑኝ። ትልቅ ሰው ለምኖ እንዴት እንቢ ይባላል? ሳሙና ይላል፤ ቢሆንም ቻልኩት። ሆዴ ከበሮ ሆነ። ፖፖ ታቅፌ ነው የከረምኩት።»

«እህህ… ልጁን ተይው» አለ ወንድሟ ከግድግዳው ሳይዞር። ጋሪ ነጂው አርባ ዓመት ያለፈው ሰው ነው።

አልተቆጣችም። መጀመሪያ የሄደችው ወደ ሐኪሙ ነው፤ መዝገቧን ይዛ።

«ዶክተር፣ ሰባት ቁጥር ስድስት ሊትር ውሃ ጠጥቷል ብዬ ጽፌያለሁ። አንዱንም አላየሁም። ባዶ ብርጭቆ አይቼ ነው የጻፍኩት። ወንድሜ ስለሆነ አፈርኩ።»

ሐኪሙ አልጮኸባትም፤ ቢጮህ ይሻላት ነበር። መዝገቡን አየ፣ ሦስት መቶ ሰባውን አየ፣ ከጠብታ የመጣውን ቱቦ ወደ ብርሃን ዘርግቶ አየ። ከዚያ ኪኒኑ እንዲቆም አዘዘ። ከደሙ መውጣት ያቃተው መድኃኒት ለሳንባው ለጊዜው ይበቃዋል አለ፤ የሚያሰጋው ሳንባው ሳይሆን በሩ ነው። አሸዋው ኩላሊቱን እየዘጋ ነው። ሶዳና ውሃ፣ ጉንጭ በጉንጭ፣ ሳይቋረጥ። እስከ ምሽት ካልተከፈተ ከታች በቀጭን ቱቦ የሚያጥብ ሐኪም ወዳለበት ከተማ መላክ ግድ ነው፤ መንገዱን ግን ይችለዋል ብሎ አያስብም። ይህን ሁሉ ቀስ ብሎ ነገራት። እሷም እዚያው ቆማ እርሳሷን አወጣችና የሁለቱን ቀን «ጠጣ» ሁሉ በመስመር ሰርዛ፣ ከጎኑ «አላየሁም» ብላ ጻፈች።

ወንድሟ አልጋ ዘንድ ተመልሳ በርጩማ ስባ ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ እኔን አፍረው ነው?»



«አንቺን አላፈርኩም» አለ ለግድግዳው። «ሰው ምን ይላል ብዬም አይደለም፤ እሱስ ድሮ ቀረ። በእጄ ያሳደግኋትን ልጅ፣ ሽንቴን አሸክሜ ኮሪደር ለኮሪደር ላስኬዳት? ባልጠጣ ባልሸና፣ አንቺም አትሸከሚ ብዬ ነው። በአንድ ቀን ስንቴ መጣሽ? እያየሁሽ እኮ ነው። ሽርጥሽ እንኳ…» አልጨረሰውም።

ውሃውን በብርጭቆ ቀዳች። እጁን ከወገቡ ላይ አንስታ ብርጭቆውን አስያዘችው፤ እጇን ከእጁ ላይ አላነሳችም።

«ከቤቱ ጀርባ፣ ከእንጨት ክምሩ ኋላ ምን ያሰጡ ነበር?» አለችው።

ዞር ብሎ አያት። ሆስፒታል ከገባ ጀምሮ ፊቷን ያየው ያኔ ነው።

«ይጠጡ» አለችው። «ጠርሙሱ የእኔ ጉዳይ ነው።»

የልብስ ሰፊው አገጭ ተንቀጠቀጠ። ጋሪ ነጂው ምንም ባይገባው እንኳ አንገቱን ወደ ሌላ በኩል አዞረላቸው። ወንድሟ ጠጣ። እሷ የመጨረሻው ጉንጭ ሲወርድ አየች፤ ጻፈች። ሌላ ቀዳች።

ያን ቀን ከበርጩማዋ አልተነሳችም፤ ሌሎቹን አልጋዎች ጠብታ ራሱ ፖፖ ይዞ ዞረላት። ለጠብታ ይህ ቀላል ነገር አልነበረም፤ በመንገድ ላይም አንዱን ከማፍሰስ ለጥቂት ነው የተረፈው። እኩለ ቀን ሆነ። ሁለት ሊትር ገብቷል፣ የወጣ የለም። ወንድሟ ወገቡን ሲቆርጠው ጥርሱን ይነክሳል፤ እሷ ብርጭቆ ትሞላለች። በመስኮቱ የገባው ፀሐይ ከአልጋው እግር ተነስቶ እስከ በሩ ሄደ። ፈራች። በአሥራ አንድ ዓመት የስንት ሰው ጠርሙስ ውስጥ ያለውን ሳትፈራ አይታለች፤ የሌለውን ግን እንዲህ ፈርታ አታውቅም። ሐኪሙ ሦስት ጊዜ መጥቶ ሦስት ጊዜ ሳይናገር ሄደ። በአራተኛው መኪና እንዲዘጋጅ መላኩን ሰማች።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ወንድሟ ክንዷን ያዘ።

«አንቺ ልጅ፣ ያንን ነገር አምጪው።»

መጋረጃውን ጋርዳ ጀርባዋን ሰጠችው። ጠበቀች። ምንም። ቀጥሎ ጥቂት፣ ቆረጥ ቆረጥ የሚል። ቀጥሎ አንድ ጊዜ «ውይ!» አለ፤ ከዚያ የሚያውቀው ሰው ብቻ የሚወደው ድምፅ መጣ።

ወደ ጠባቧ ክፍል ይዛው ሄደች። በመስኮቱ ብርሃን ለካችው፤ ስልሳ ሲሲ። የጠቆረ፣ ሥሩ ላይ ቅንጣት ቅንጣት የሚያብለጨልጭ አሸዋ የተኛበት። ስልሳ ብላ ጻፈች። ባልዲ ገልብጣ ተቀመጠችና በዚያች ማንገቻዋ በረዘመ ሽርጥ ፊቷን ሸፍና አለቀሰች። ከአንድ ሰዓት በኋላ መቶ ሃምሳ መጣ። ከዚያ ሦስት መቶ። ሲመሻሽ የመጣው የጠራ ነበር፤ ወረቀቷም ሰማያዊ ሆነች። መኪናው አያስፈልግም ተባለ።

ሐኪሙ ሐኪም ነውና ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላም ጥያቄ ነበረው። የመጨረሻው ኪኒን ከተዋጠ ስንት ቀን ሲሆነው ነው ሰውነት ሙሉ በሙሉ የሚሸኘው? ስለዚህ ልብስ ሰፊው ቢያገግምም ስፍሩ ቀጠለ። ጠብታ ቱቦዎቹን በመስኮቱ ደፍ ላይ ደረደራቸው። የመጀመሪያው ቀይ ሥር ነው፤ የሚቀጥለው ገርጣ ያለ፤ የሚቀጥለው ሕፃን ጉንጭ የመሰለ። ወንድሟ ሁሉንም ውሃ በራሱ ጊዜ ይጠጣ ነበር፤ ቢሆንም እሷ ቆማ ታያለች። ሕግ ሕግ ነው።

ኪኒኑ በቆመ በአምስተኛው ቀን ከሰዓት፣ የጥየቃ ሰዓት ላይ፣ ደንበኞቹ መጡ። ከነሱ መካከል የዳቦ ቤቷ ባለቤት አለች፤ ድምፅዋ ከበር እስከ መስኮት የሚሰማ ሴትዮ ናት።

«እንዲህ ከስተህ!» አለችው። «እህትህ መድኃኒት ክፍል እያለች? ጥሩ ጥሩውን መርጣ አትሰጥህም ነበር?»

ልብስ ሰፊው እግሩን ከአልጋው አወረደ። ነጠላ ጫማውን አጠለቀ። ጎንበስ አለና ከአልጋው ሥር ሰባት ቁጥር የተለጠፈበትን ጠርሙስ አወጣ። አልሸፈነውም።

«መድኃኒት ክፍል አይደለችም» አለ። «ሽንት ነው የምትሰፍረው። ባትሰፍር ኖሮ እናንተ ዛሬ የመጣችሁት ለቀብሬ ነበር።»

ጠርሙሱን በሁለት እጁ እንደያዘ በመካከላቸው አለፈ። መንገድ ለቀቁለት። የዳቦ ቤቷ ሴትዮ በሕይወቷ የምትለው ያጣችበት ቀን ይኸው ነው፤ ጋሪ ነጂው እስካሁን ያወራዋል። ኮሪደሩ ረጅም ነበር፤ ሁለቴ ቆሞ ግድግዳ ተደገፈ።

እትዬ ሊትር ጠርሙስ እያለቀለቀች ነበር። ቀና ስትል በሩ ላይ አየችው።

«ውይ ጋሼ! እኔ እመጣ አልነበረም? አይግቡ፣ ይሸታል።»

ገባ። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ። ገንዳውን አየ፣ በወግ የተደረደሩትን ጠርሙሶች አየ፣ በግድግዳው ላይ የደበዘዘውን የጠመኔ ሥዕል አየ። ጠርሙሱን አቀበላት። ረጅሙ መስፈሪያ ውስጥ ገለበጠችው፣ ወደ መስኮቱ አስጠጋች፣ ጎንበስ አለች። እሱም ከጎኗ ጎንበስ አለ።

«ስንት ነው?»

«የአሁኑ ብቻ አራት መቶ ሃያ።»

ጠብታን ጠራችው። ጠብ አደረገ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሦስቱም ቱቦዋ ላይ ዓይናቸውን ተክለው ጠበቁ። ውሃው ውሃ እንደሆነ ቀረ።

«ወጥቷል» አለ ጠብታ። «አንዲትም አልቀረች።»

ጻፈች። መጻፏን ስትጨርስ እርሳሷን ኪሷ ከተተች፤ እርሳሱ እንደ ልማዱ በተንሻፈፈው ኪስ ሾልኮ መሬት ወደቀ። ወንድሟ ወገቡን ይዞ አነሳላት። እርሳሱን ሳይሰጣት በፊት ግን ዓይኑ ኪሱ ላይ፣ ከኪሱ ወደ ጠርዙ፣ ከጠርዙ ወደ ማንገቻዎቹ ሄደ። ረዘም ያለውን ማንገቻ በሁለት ጣቱ ይዞ ስፌቱን ወደ ብርሃን ገለበጠው።

«ይህን ማን ነው የሰፋው?»

«እኔ ነኛ።»

«ያስታውቃል» አለ።

ሜትሩን ፍለጋ እጁን ወደ አንገቱ ሰደደ። በሆስፒታል ልብስ ላይ ሜትር የለም። ስለዚህ መዳፉን ዘረጋና ከትከሻዋ ጀምሮ እስከ ጉልበቷ በስንዝር ለካት፤ ልጅ ሳለች ቀሚስ ሲሰፋላት እንደሚያደርገው ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ቆጠረ።

«አራት ስንዝር ተኩል። ኪሱን በግራ በኩል አደርገዋለሁ» አለና እርሳሱን ሰጣት። «ጻፊው፤ እንዳልረሳ።»

እርሳሷን በግራ እጇ ተቀብላ፣ ከሰባት ቁጥሩ አራት መቶ ሃያ ሲሲ ሥር ጻፈችው።